ቁልፌን ለማን ልስጥ?

 

ከበርበራ መመለሴን ካያችሁ በኋላ ብዙዎቻችሁ በውስጥ መስመር "ድመቶችሽን ለማን ትተሽ ነው የሄድሽው?" ብላችሁ ጠይቃችሁኛል። አንዳንዶቻችሁ የጠየቃችሁት የምር ቸግሯችሁ ነው፤ እናንተም ቤት ድመት አለ፣ መንገድ አለባችሁ፣ የምታምኑት ሰው አጥታችኋል። ሌሎቻችሁ ደግሞ "ሰው መጠጊያ ባጣበት ዘመን ስለ ድመት ይወራል እንዴ?" ብላችሁኛል። ለሁለታችሁም አንድ ላይ ልመልስ ብዬ ነው ዛሬ የተቀመጥኩት። ይረዝማል፤ ቡና አፍልታችሁ አንብቡት።

ለማታውቁኝ፣ ሐርጌሳ የምኖረው አንዲት ክፍል ተከራይቼ ነው። ድመቶቼ ሦስት ናቸው። እናትየዋ ጥቁር ሆና ደረቷ ብቻ ነጭ ነው። ያየቻት ጓደኛዬ "መነኩሲት ትመስላለች" ብላ እማሆይ አለቻት፤ ስሙ ጸናባት። እማሆይ ግን በመጣች በሁለተኛው ቀን ለእንግዳ ያስቀመጥኩትን ጉበት ከነሳህኑ ገልብጣ በላች። "ድመት መንኩሳ ዓመሏን አትረሳ" የሚለው ተረት እኔ ቤት በየቀኑ ይተረታል። የመጣችው በጉ ወቅት፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ ባደረበት ሌሊት ነው። ከሳምንት በኋላ አልጋዬ ሥር ሦስት ልጆች ወለደች። አንዱ መልኩ እንደ ሹሮ ዱቄት ስለሆነ ሹሮ አልኩት። አንዷ እዚህ አገር ባስቶ የሚሉትን ፓስታ ከእጄ እየነጠቀች ስለምትበላ ባስቶ ሆነች። ሦስተኛው ከሁሉም ያንስ ስለነበር ቆሎ አልኩት። አሁን ከልጆቹ ያሉት ሁለቱ ናቸው። ቆሎ የት እንደገባ ወደታች እነግራችኋለሁ፤ የዚህ ጽሑፍ ነገርም እሱ ነው።

ባለፈው ዓመት ለአምስት ቀን ወደ ቦረማ መሄድ ነበረብኝ። ድመቶቹን ለማን ልተው ብዬ ብዙም አልተጨነቅኩም። አንድ የአገሬ ልጅ ነበረ፤ ቤቴ ገብቶ የሚበላ፣ ቡና ላይ የማይጠፋ፣ "እትዬ" እያለ የሚጠራኝ። ድመቶቹንም ይወዳል፤ ቆሎ ትከሻው ላይ ካልወጣ አይተኛም ነበር። "አምስት ቀን ብቻ ነው፤ ጠዋትና ማታ ምግብና ውኃ ትሰጣቸዋለህ፣ አሸዋቸውን ትቀይራለህ" አልኩት። "ችግር የለም እትዬ" አለኝ። ቁልፉን ሰጠሁት። ለምግባቸውና ለድካሙ 15 ዶላር በዛድ ላክሁለት።

የመጀመሪያው ቀን ፎቶ ላከልኝ። ሁለተኛው ቀንም ላከ። በሦስተኛው ቀን ስደውል ስልኩ አይሠራም። "ባትሪ ዘግቶበት ይሆናል" አልኩ። በአራተኛውም ዝም። በአምስተኛው ቀን ግቢው ስደርስ የአከራዬ ልጅ ቁልፌን አምጥቶ ሰጠኝ። "ከሦስት ቀን በፊት ለሷ ስጥልኝ ብሎኝ ሄደ" አለኝ።

በሩን ስከፍት የገባኝ ነገር ልጁ ሊከፋብን እንዳልፈለገ ነው። የደረቀ ሩዝ በትልቅ ሳህን ሞልቶ አስቀምጧል። ባልዲ ሙሉ ውኃ አድርጎ ነበር፤ ተገልብጧል። ብንፈልግ እንድንወጣ ብሎ መስኮቱን ገርበብ አድርጎ ትቶታል፤ "እንድንወጣ" የምለው ራሴን ከድመቶቹ መለየት ስላቃተኝ ነው። እማሆይ ጣሪያ ላይ ነበረች። ሹሮና ባስቶ አልጋው ሥር ተጣብቀው ተኝተዋል። ቆሎ የለም። ሦስት ቀን ፈለግኩት። በየግቢው አንኳኳሁ፣ እስከ ማሮዲ ጄህ ደረቅ ወንዝ ድረስ ወርጄ ስሙን ጠራሁ። አልተገኘም።

ልጁ ተህሪብ ሄዶ ነበር። ለስደተኛ ዘመዶቼ ይህን ቃል መተርጎም አያስፈልገኝም። አገር ቤት ላላችሁ፣ ተህሪብ ማለት ደላላ ተከትሎ በበረሃና በባሕር መሄድ ነው። ተህሪብ የሚሄድ ሰው ለእናቱም አይናገርም። ከተናገረ ይከለከላል፣ ወይ ያለቅስበታል፣ ወይ ልቡ ይሸፈታል።

ከአራት ወር በኋላ ከማላውቀው ቁጥር ተደወለልኝ። እሱ ነው። ያለበትን አገር አልጽፍም። ስለ ራሱ ከመናገሩ በፊት "እትዬ ይቅርታ አድርጊልኝ፤ ድመቶቹ ደህና ናቸው?" አለኝ። "ሁሉም ደህና ናቸው" አልኩት። "ቆሎስ?" አለ። "አድጓል፣ ብታየው አታውቀውም" አልኩት። ዋሸሁት። ያን መንገድ ተሻግሮ ለወጣ ልጅ ሌላ ምን ይባላል? ይህንን የምታነብ ከሆነ፣ ወንድሜ፣ እውነቱን አሁን ታውቃለህ። አልተቀየምኩህም። ጥፋቱ ግማሹ የኔ ነው፤ ለምን እንደሆነ እነግርሃለሁ።

እኔ የጠየቅኩት "ድመት ትወዳለህ ወይ?" የሚለውን ብቻ ነው። መጠየቅ የነበረብኝ "እነዚህን አምስት ቀናት እዚህ ትኖራለህ ወይ?" የሚለውን ነበር። በእኛ ኑሮ ይህ ጥያቄ ከፍቅርም ከታማኝነትም ይቀድማል። ሁላችንም አንድ እግራችን መንገድ ላይ ነው። አንዱ የሰፈራ ቀጠሮ ይጠብቃል፣ አንዱ ቦሳሶን ያስባል፣ አንዱ ከአከራዩ ጋር ተጣልቶ ነገ የት እንደሚያድር አያውቅም። ጥሩ ሰው መሆንና አደራ መሸከም መቻል ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ደግ ሆኖ እጁ ባዶ ያልሆነ ሰው አለ፤ የራሱ ሸክም ሞልቶበታል። በዚያ ላይ ሌላ አደራ ስንጭንበት እምቢ ማለት አይችልም፤ ይሉኝታ ይይዘዋል። "ችግር የለም" ይላል። ከዚያ ወዲህ "ችግር የለም" ቶሎ ሲመጣ እደነግጣለሁ።

ዘንድሮ ደግሞ የበርበራው ነገር መጣ። አንዲት እህታችን በበርበራ ለቀዶ ሕክምና ቀጠሮ ተያዘላት። ሶማሌኛ አትችልም፣ የሚያስታምማት የለም። አስተርጓሚም አስታማሚም ሆኜ 18 ቀን መቆየት ነበረብኝ።

"ድመቶቹን ይዘሻቸው አትሄጂም ወይ?" ያላችሁኝ ነበራችሁ። ከሐርጌሳ በርበራ 160 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ መንገዱ አሁን ጥሩ ነው። ግን ሐርጌሳ ከባሕር ወለል በላይ 1,300 ሜትር አካባቢ ላይ ያለች ነፋሻ ከተማ ናት፤ በርበራ የባሕር ዳር ናት፤ በበጋቸው ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ያልፋል። የበርበራ ሰዎች ራሳቸው በዚያ ወራት ወደ ሼክና ወደ ሐርጌሳ ይሸሻሉ። ደግሞም ድመት ከሰው ይልቅ ቦታ የምትወድ ፍጥረት ናት። የምታውቀው ጥግ፣ የምታውቀው ሽታ፣ የምትወጣበት ግንብ ካለ ባለቤቷ ለጥቂት ቀን ቢጠፋም ትቋቋማለች። አዲስ ቤት ወስደው ቢለቋት ግን የቀድሞ ቤቷን ፍለጋ ወጥታ የምትጠፋው እዚያ ነው። ስለዚህ ድመቷን ወደ ጠባቂው ከመውሰድ ጠባቂው ወደ ድመቷ ቢመጣ ይሻላል። ይህ ደግሞ ቁልፍ መስጠት ማለት ነው። ብቻዋን ለምትኖር ስደተኛ ሴት ቁልፍ መስጠት ምን ማለት እንደሆነ እህቶቼ ታውቁታላችሁ።

መጀመሪያ ያሰብኩት አምስት ሆነው አንድ ክፍል የሚኖሩትን እህቶች ነው። ልባቸው ሰፊ ነው፤ ግን ሁሉም ቤት ሠራተኛ ናቸው፤ ጠዋት 12 ሰዓት ወጥተው ማታ ነው የሚገቡት፤ ሰፈራቸውም ሩቅ ነው። ራሳቸውን ሳይጠይቁ እሺ አሉኝ። እኔ ነኝ ተውት ያልኳቸው።

ሁለተኛው የማውቀው ሰው ነበር። "ምንም አታስቢ፣ እንደ ልጆቼ ነው የማያቸው" አለኝ። "አሸዋቸውን በየስንት ጊዜው ትቀይራለህ?" ስለው "ድመት ደግሞ አሸዋ አላት እንዴ?" አለ። "ሹሮ ምግብ እምቢ ቢልህ ምን ታደርጋለህ?" ስለው "ሲርበው ይበላል" አለኝ። ሰውየው ክፉ አይደለም። አንድም ጥያቄ ግን አልጠየቀኝም። ስለምትቀበለው ነገር ምንም የማትጠይቅ ከሆነ ነገሩን ገና አልተቀበልከውም ማለት ነው።

ሦስተኛዋ ጎረቤቴ ናት፤ ከግቢያችን ሁለተኛው በር። ኤዶ ነው የምንላቸው፤ እዚህ አገር ታላቅ ሴት እንደ አክስት ኤዶ ትባላለች። እሳቸውን ያላሰብኩት ድመት ወድ ሆነው ስላላየኋቸው ነው። እማሆይ ምንጣፋቸው ላይ ስትወጣ በመጥረጊያ ነው የሚያባርሯት። ግን በመጥረጊያ እያባረሩ ማታ ማታ የሥጋ ቁርጥራጭ በር ላይ እንደሚያስቀምጡላት አንድ ቀን በዓይኔ አየሁ።

ሄጄ ነገርኳቸው። ወዲያው እሺ አላሉም። ሻይ ቀዱልኝና ይጠይቁኝ ጀመር። ስንት ቀን ነው? ቤትሽ ውስጥ ገንዘብ አለ? ቢታመሙ ማንን ልጥራ? ብትዘገዪስ? ከዚያ የማያደርጉትን ነገሩኝ። "አሸዋ አልጠርግም፤ ጉልበቴ አይታጠፍልኝም፤ እሱን የልጅ ልጄ ትሠራለች። ባለቤት በሌለበት ቤት ደግሞ ብቻዬን አልገባም፤ እሷ አብራኝ ትገባለች፤ አንድ ነገር ቢጎድል ሁለታችን እንጠየቃለን" አሉ። ዕቃዬን ሁሉ፣ ሻንጣዬን ሳይቀር፣ በስልክ ፎቶ እንዳነሣ ያስገደዱኝ እሳቸው ናቸው። "ለኔ አይደለም፤ ለአንቺ ልብ ነው" አሉኝ።

እኔ ያን ጊዜ ወሰንኩ። "ይህን አልችልም" የሚል ሰው "ይህን እችላለሁ" ሲል ይታመናል።

ኤዶ ይህን ሁሉ ያሉኝ በአማርኛ ነው። ይሰባበራል፤ ወንዱን ሴት፣ ሴቱን ወንድ ያደርጉታል፤ ግን አማርኛ ነው። የት እንደተማሩት ጠይቄያቸው አላውቅም ነበር። የዚያን ቀን ነገሩኝ።

እ.ኤ.አ. በ1988 ግንቦት መጨረሻ ላይ ሐርጌሳ ውስጥ ጦርነት ሲነሳ የዚያድ ባሬ መንግሥት አውሮፕላኖች ከዚችው ከተማ አየር ማረፊያ እየተነሡ ከተማዋን ደበደቧት። መሐል ከተማ ሐውልት ሆና የቆመችውን ሚግ ሁላችንም እናልፋታለን፤ ለፎቶ እንጂ ለታሪኳ ቆመን አናውቅም። በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ በእግሩ ወደ ኢትዮጵያ ሸሸ። ጅጅጋ አጠገብ ሐርተ ሼክ የተባለው ካምፕ በዘመኑ በዓለም ላይ ካሉት ትልልቆች አንዱ ነበር፤ የተዘጋው በ2004 ነው። ኤዶ እዚያ ነው አማርኛ የለመዱት፤ ጅጅጋ ገበያ ሲመላለሱ። እኛ ዛሬ ከኢትዮጵያ መጥተን እሳቸው ሰፈር ስደተኞች ነን፤ እሳቸው ትናንት ከዚህ ሄደው እኛ አገር ስደተኛ ነበሩ።

"እናቴ ፍየሎች ነበሯት" አሉኝ። "ስንሸሽ የበረቱን በር ከፍታ ለቀቀቻቸው። ተው የምትለው ጎረቤት አልነበረም፤ ጎረቤቱም እየሸሸ ነበር። እስክትሞት ድረስ አንድ ጥያቄ ነበራት፤ ያቺን ነጯን ማን አለባት ይሆን ትላለች። አንቺ ቁልፍ የምትሰጪው ሰው አለሽ። ይህ ትንሽ ነገር እንዳይመስልሽ።"

ሲመለሱ ቤታቸው ጣሪያ አልነበረውም። በ1991 ወደ ሐርጌሳ የተመለሱ ሰዎች ሁሉ ይህንን ይናገራሉ፤ ቆርቆሮው ተነቅሎ ግድግዳው ብቻ ቆሞ ነው ያገኙት።

ከዚያ በሃይማኖታቸው የሚታወቀውን ታሪክ ነገሩኝ፤ ድመት አሥራ ሳታበላት፣ ለራሷም እንዳትፈልግ ሳትለቃት በመቅረቷ ስለተቀጣችው ሴት። ሙስሊም ወንድሞቼና እህቶቼ ከቡኻሪም ከሙስሊምም ሐዲስ ታውቁታላችሁ። ኤዶ ሲጨርሱ "አማና ነው" አሉ። እኛ አደራ የምንለው ነው። "ድመቷን አይደለም የምጠብቀው፤ ራሴን ነው" አሉኝ።

ከመሄዴ በፊት ሦስት ቀን ልምምድ አደረግን። እኔ ቤት እያለሁ ኤዶና የልጅ ልጃቸው ጠዋትና ማታ መጥተው ምግብ ሰጡ። ሹሮ የመጀመሪያውን ቀን አልጋ ሥር ተደበቀ፤ በሦስተኛው ቀን አፍንጫውን አወጣ። 18 ቀን የሚበቃ ቱና፣ ሩዝና ለሥጋ ቤት ቁርጥራጭ የሚሆን 20 ዶላር ተውኩ። የሐርጌሳን ውኃ ታውቁታላችሁ፤ የቦቴው ቀን አይታመንም። ሁለት ጀሪካን ለድመቶቹ ብቻ ሞልቼ አስቀመጥኩ። ከደረቁ ወንዝ ያመጣሁትን አሸዋ በጆንያ ተውኩ።

አሁን 18 ቀኑን ላሳጥርላችሁ። በየማታው በዋትሳፕ ፎቶ ይመጣል። በአራተኛው ቀን አልመጣም። ሆስፒታል ኮሪደር ላይ ቁጭ ብዬ ሆዴ ተገለበጠ፤ ባዶ ባልዲውና ገርበብ ያለው መስኮት ታየኝ። ከምሽቱ 4 ሰዓት ላይ ከማላውቀው ቁጥር ተደወለ። ኤዶ ናቸው። የልጅቷ ስልክ ተበላሽቷል፤ እሳቸው በዚያ ጉልበታቸው እስከ ጥግ ሱቅ ድረስ ሄደው የባለሱቁን ስልክ ለምነዋል። "ዛሬ ፎቶ የለም። ሦስቱም በልተዋል" ብለው ዘጉት። ለቅሶ መጣብኝ። የታመመችው እህታችን "ምን ሆነሽ ነው?" ስትለኝ "ድመቶቹ በልተዋል" አልኳት፤ ሁለታችንም ሳቅን፤ እሷ ስፌቷን ይዛ።

በስምንተኛው ቀን ሹሮ ምግብ አቆመ። ይህን ልብ በሉ፤ ድመት እንደ ውሻ አይደለችም፤ ሁለት ሦስት ቀን ምንም ካልበላች ጉበቷ ሊጎዳ ይችላል። "ሲርበው ይበላል" ማለት የማያዋጣው ለዚህ ነው። በማግስቱም ካልበላ ሐኪም እንጥራ ተባባልን። የዚያን ማታ ኤዶ ሳህኑን አስቀምጠው እንደመሄድ ቤቴ ወለል ላይ ምንጣፍ አንጥፈው ቁጭ አሉ፤ ቁርኣናቸውን በቀስታ አነበቡ። ከግማሽ ሰዓት በኋላ ሹሮ ወጣ፤ እግራቸው ሥር ሆኖ ቱናውን ላሰ። የራበው ሰው ነበረ ማለት ነው። ከዚያ ወዲያ በየማታው እዚያው ተቀምጠው ነው ያነበቡት።

ለጠየቃችሁኝ፣ ከሁለቱ ጉዞዎች የተማርኩትን ላስቀምጥ።

አንደኛ፣ የምትጠይቁት ሰው በእነዚያ ቀናት ሰፈሩ ውስጥ መኖሩን በግልጽ ጠይቁ። "ነገር ቢመጣብህና መሄድ ቢኖርብህ አልቆጣም፤ ብቻ ንገረኝ" በሉት። ለእውነት በር ክፈቱለት።

ሁለተኛ፣ አንድ ሰው ብቻ አትያዙ። ቁልፍ ያለው አንድ፣ ቁልፍ የሌለው ግን በሩን የሚያንኳኳ ሌላ አንድ። ሁለቱ የየራሳቸውን ስልክ ይለዋወጡ።

ሦስተኛ፣ ከመሄዳችሁ በፊት እናንተ እያላችሁ ያለማምዷቸው። ስትሄዱ መስኮት ገርበብ አድርጋችሁ አትተዉ።

አራተኛ፣ መመሪያውን ጻፉ፤ በቃል ብቻ አትንገሩ። ምን ይበላሉ፣ ስንት ጊዜ፣ የት ይደበቃሉ። የሚከለከለውንም ጻፉ። ፓራሲታሞል ለድመት መርዝ ነው፤ ግማሽ ኪኒን ይገድላል። እዚህ ገበያ ለፍየልና ለበግ መዥገር የሚሸጠውን መድኃኒትም ለቁንጫ ብላችሁ ድመት ላይ አታድርጉ፤ ፐርሜትሪን ያለበት ከሆነ ይገድላታል። ወንድ ድመት አሸዋው ላይ እየተመላለሰ ሽንት እምቢ ካለው ያ የዚያኑ ቀን ሐኪም የሚያስፈልገው ነገር ነው፤ ማደር የለበትም። ሶማሌላንድ የከብት አገር ስለሆነች፣ ሼክ ከተማም የእንስሳት ሕክምና ትምህርት ቤት ስላለ፣ የእንስሳት ባለሙያ አይጠፋም። ቁጥሩን ቀድማችሁ ፈልጉ።

አምስተኛ፣ ጠባቂያችሁ ነፍሰ ጡር ከሆነች የድመቱን ዓይነ ምድር እሷ አትጥረግ፤ ጽንሱን የሚጎዳ በሽታ አለበት። ሌላ ሰው በየቀኑ ይጥረገው። ድመት የነከሰችው ወይም የቧጨረችው ሰው ደግሞ ቁስሉን ወዲያው በውኃና በሳሙና 15 ደቂቃ ይጠብና ጤና ተቋም ይሂድ። የእብድ ውሻ በሽታ በድመትም ይመጣል።

ስድስተኛ፣ ገንዘቡን አትሸሽጉት። ለምግብ ይህን ያህል፣ ለድካም ይህን ያህል ብላችሁ ለዩት። ዘመድ ነው ብላችሁ ድካሙን በነጻ አትውሰዱ።

አሁን "ስለ ድመት ይወራል እንዴ?" ላላችሁኝ።

እ.ኤ.አ. በ2015 አንድ የኢራቅ ቤተሰብ ከሞሱል ሸሽቶ በጀልባ ወደ ግሪኳ ሌስቦስ ደሴት ሲሻገር ኩንኩሽ የሚባል ነጭ ድመቱን ይዞ ነበር። ደሴቲቱ ላይ ድመቱ ጠፋባቸው፤ መንገዱ አይጠብቅምና ጥለውት ቀጠሉ። በጎ ፈቃደኞች አገኙት። ባለቤቱን በማኅበራዊ ሚዲያ ሲፈልጉ ከርመው፣ በርሊን በሰው ቤት አስጠብቀው፣ በ2016 የካቲት አካባቢ ኖርዌይ ገብቶ ለነበረው ቤተሰብ አስረከቡት። በ2022 ደግሞ ከዩክሬን የሚሸሹ ሰዎች ከነድመታቸውና ከነውሻቸው እንዲገቡ የአውሮፓ ኮሚሽን አባል አገሮቹ የሰነድ ጥያቄውን እንዲያላሉ ጠይቆ ነበር፤ ብዙ ሰውም ድመቱን ታቅፎ ድንበር ተሻገረ። እኔ አልቀናሁም፤ ደስ ብሎኛል። ስደተኛ ድመቱን መውደድ መብቱ መሆኑ አንድ ቦታ ታውቋል ማለት ነው። እኛም ድመት የምንወደው ሰውን ትተን አይደለም፤ ሰው ስለሆንን ነው።

እዚሁ አጠገባችን እንኳ፣ የሐርጌሳ ውኃ ከሚመጣበት ከጌድ ደብሌ አካባቢ፣ ወደ ዐረብ አገር ሊሸጡ ከኮንትሮባንድ ነጋዴ እጅ የተያዙ አቦሸማኔዎች ይኖራሉ። የአቦሸማኔ ጥበቃ ድርጅት ነው የሚያሳድጋቸው። ከኢትዮጵያ በኩል ድንበር አቋርጠው የመጡም አሉባቸው፤ እነሱም እንደኛ ወረቀት የላቸውም። ገና በጡት ከእናታቸው ስለተነጠቁ አደን አልተማሩም፤ ስለዚህ ዕድሜ ልካቸውን ጠባቂ ይፈልጋሉ። ለእነሱ ሰው ቀን ከሌት ይቆማል። ለሹሮ ግማሽ ሰዓት የሚቀመጥለት ሰው ብፈልግ ምን ያስገርማል?

በ18ኛው ቀን ሌሊት ገባሁ። ኤዶን አልቀሰቅስም ብዬ ነበር፤ እሳቸው ግን በራቸውን ከፍተው እየጠበቁኝ ነበር። መጀመሪያ ቁልፉን ሰጡኝ። ቀጥለው በመሐረብ የታሰረ ገንዘብ አወጡ። ከ20ው ዶላር ሦስት ዶላር ተኩል ተርፏል፤ ለልጅቷ ድካም ብዬ ለይቼ ከሰጠሁት የተለየ። "እርስዎ ያዙት" ስላቸው "የድመቶቹ ነው፤ የኔ አይደለም" አሉ። አደራ ሲመለስ እንዲህ ነው የሚመለሰው፤ ከነትርፉ።

በሩን ስከፍት እማሆይ ቀና ብላ አየችኝና ዞራ ተኛች። ተቀይማኛለች። ባስቶ እግሬ ላይ ተጠመጠመች። ሹሮ አልመጣም። በማግስቱ ምሽት ኤዶ ሲያነቡ ድምፃቸው በግድግዳው አልፎ ሲሰማው ተነሥቶ ወደ በሩ ሄደ፤ በሩን ቧጨረ። ከፈትኩለት። ይኸው እስከ ዛሬ ማታ ማታ እዚያ ነው።

አንድ ነገር ብቻ ቀርቶኛል። እኔም አንድ ቀን የምሄድ ሰው ነኝ። የሰፈራ ቀጠሮ ቢመጣልኝ ድመቶቼን ይዤ አልወጣም፤ ሻንጣ እንኳ ተመዝኖ ነው። ይህንን ለኤዶ ነገርኳቸው። ዝም ብለው ቆዩና "ስትሄጂ ንገሪኝ። እንደዚያ ልጅ በሌሊት አትሂጂ" አሉኝ። ቃል ገባሁ።

እናንተም ቃል ግቡልኝ። መሄድ ያለበት ይሄዳል፤ ማንም አይፈርድበትም። ግን የሰው ቁልፍ በእጃችሁ ካለ፣ የምትሄዱበትን ባትናገሩ እንኳ "ከነገ ወዲያ አልኖርም" በሉ። ይህ ብቻ በቃ ነበር፤ ቆሎ ዛሬ ቤቴ ይሆን ነበር።

ሐርጌሳ ውስጥ መንገድ ያለባችሁና ጠባቂ ያጣችሁ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፤ ተጠባብቀን እንተጋገዛለን። ቸር እንሰንብት።

እህታችሁ፣ ከሐርጌሳ